ጎቲክ ላይ አበባ መቁጠር፦ የልጆች የሰመር ትምህርት በተራራ ላይ

አሜሪካ፣ ኮሎራዶ ውስጥ ከክሬስተድ ቢዩት ከተማ በስተሰሜን 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ጎቲክ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። በ1880 አካባቢ የብር ማዕድን ፍለጋ የመጣ ሰው ሞልቶባት ነበር፤ ማዕድኑ ሲነጥፍ ሰዉም ተበተነ። በ1928 ጆን ጆንሰን የተባሉ የጋኒሰን ኮሌጅ የባዮሎጂ መምህር ወና የቀረችውን መንደር ገዝተው የመስክ ምርምር ጣቢያ አደረጓት። ሮኪ ማውንቴን ባዮሎጂካል ላቦራቶሪ የሚባለው ይኸው ነው። (ዓመቶቹ እዚህ ጽሑፍ ላይ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው፤ ሰዓቱ ግን በእኛ አቆጣጠር ነው።)

ከፍታዋ 2,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ከደብረ ብርሃን ጥቂት ትበልጣለች። በሰመር ተመራማሪዎችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይሞሏታል፤ ለሕፃናትም የተፈጥሮ ትምህርት ይሰጥባታል። ከዴንቨርና ከአውሮራ በመኪና ከአራት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይህን የምጽፈው ልጆቻቸውን ወደዚያ ወይም ወደ ሌላ ተራራማ ጣቢያ ለመላክ ለሚያስቡ ወላጆች ነው። በማኅበር ወይም በቤተ ክርስቲያን የሰመር ትምህርት አዘጋጅተው ልጆችን ወደ ተራራ ለሚያወጡም ይጠቅማል።

ብዙ የሰመር ካምፕ ልጆችን እያዞረ ያሳያል፦ ይህ ዛፍ ነው፣ ያ ወፍ ነው፣ እንሂድ። ልጁ ማታ ቤት ሲገባ የሚያስታውሰው ምሳውን ነው። ጎቲክን ጎቲክ ያደረጋት ግን ሌላ ሥራ ነው፤ አንድ ነገር፣ አንድ ቦታ ላይ፣ በአንድ ዓይነት መንገድ፣ ዓመት በዓመት ይቆጠርባታል። ማርሞት የሚባለው አይጥ መሰል የተራራ እንስሳ ከ1962 ጀምሮ እየተያዘ፣ ምልክት እየተደረገበትና እየተመዘነ ይለቀቃል። ሥራውን የጀመሩት ኬኔት አርሚቴጅ ናቸው። አበባውን ደግሞ ዴቪድ ኢኖዬ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በሁለት ሜትር በሁለት ሜትር መደቦች ላይ ቆጥረውታል። እንግዲህ የልጆች ፕሮግራም ይረባል የምለው፣ በየቀኑ እዚያው ቦታ ላይ ተመልሰው የሚቆጥሩት አንድ ነገር ሲኖረው ነው። የቀረው ሁሉ ማጣፈጫ ነው።

ለምን አበባ? አይሸሽም፣ አይናከስም፣ ነገም እዚያው ነው። ቁጥሩም ይናገራል። ከ1974 እስከ 2012 ያለው የ39 ዓመት ቆጠራ አንድ ላይ ሲታይ፣ መስኩ የሚያብብበት ወቅት በ35 ቀን ረዝሟል። በረዶው ቀደም ብሎ ስለሚቀልጥ የመጀመሪያው አበባ ቀድሞ ይወጣል፤ የመጨረሻውም ዘግይቶ ይረግፋል።

ለልጆች ማስተማሪያ ከሁሉም የምመርጠው አስፐን ሰንፍላወር የሚሉትን ቢጫ አበባ ነው። አደይ አበባን የሚያውቅ ሰው ቢጫውን ሲያይ ልቡ ደንገጥ ይላል፤ ይኸኛው ግን ቁመቱ እስከ አዋቂ ሰው ወገብ ይደርሳል፣ የአበባው ራስም ከአደይ በብዙ ይተልቃል። ገና እንቡጥ ሳለ አንዱን መርጣችሁ ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ ልጆቹን አስቀምጧቸው። አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይዩት። እንቡጡ ላይ ጉንዳኖች ወዲያ ወዲህ ይላሉ። እንቡጡን ያቀፉት አረንጓዴ ቅጠሎች ጣፋጭ ፈሳሽ ያወጣሉ፤ ጉንዳኖቹ የሚልሱት እሱን ነው። ትንሽ ዝንብ መጥታ ልታርፍ ስትል ጉንዳኑ ይሮጥባታል። ዝንቧ የምትፈልገው እንቁላሏን እንቡጡ ውስጥ መጣል ነው፤ እጮቿ ከተፈለፈሉ ዘሩን ይበሉታል። አበባው ዘበኛ ቀጥሮ በስኳር ይከፍላል ማለት ነው። ይህን የስምንት ዓመት ልጅ ራሱ አይቶ ይደርስበታል፤ እናንተ ቀድማችሁ ካልነገራችሁት። ልጁ ፊቱን በጣም ካስጠጋና ትንፋሹ ከነካቸው ግን ጉንዳኖቹ ይረበሹና ትዕይንቱ ይበላሻል፤ ግማሽ ሜትር ያልኩት ለዚህ ነው።

እዚያው መስክ ላይ ጠቁሮ የደረቀ፣ ያልተከፈተ እንቡጥም ታገኛላችሁ። ይህ ውርጭ የመታው ነው። የመንዝና የደብረ ብርሃን ገበሬ በጥቅምትና በኅዳር ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር ለባቄላው የሚሠጋው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ደመና የሌለበት ሌሊት መሬቱ ሙቀቱን ወደ ሰማይ ይለቅና ቀዝቃዛው አየር ዝቅ ወዳለው ሥፍራ ወርዶ ይተኛል። ጎቲክ ላይ ይህ ውርጭ እስከ ሰኔ አጋማሽ ይመጣል። ድሮ በረዶው ዘግይቶ ስለሚቀልጥ እንቡጡ የሚወጣው ውርጩ ካለፈ በኋላ ነበር። አሁን በረዶው ቶሎ ሲሄድ ተክሉም ይቸኩላል፣ እንቡጡም ውርጩ ሳያበቃ ይደርሳል። ከ1992 እስከ 1998 በአማካይ 36 በመቶው እንቡጥ በውርጭ ይሞት ነበር፤ ከ1999 እስከ 2006 ግን ወደ 74 በመቶ ደረሰ። ልጆቹ 20 እንቡጥ ቆጥረው ስንቱ እንደጠቆረ ይጻፉ። የዓለም ሙቀት ጨመረ ሲባል አበባ በብርድ እንዴት ይሞታል ብሎ የሚጠይቅ ልጅ አይጠፋም፤ መልሱ እጁ ላይ ነው።

አሁን ወደ መቁጠሪያው ፍሬም እንምጣ፤ መሬት ላይ ተጋድሞ በውስጡ ያለው ብቻ የሚቆጠርበት አራት ማዕዘን ነው። ግማሽ ኢንች የሆነ የፕላስቲክ የውሃ ቧንቧ አራት ቁራጭ እና አራት የማዕዘን መገጣጠሚያ ይበቃል። የውስጡ ወርድ በሁሉም በኩል 50 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት፤ ቧንቧውን ሳይሆን ባዶውን ቦታ ለኩ። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ 71 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ካልመጣ ፍሬሙ ተጣሟል። ሦስቱን ማዕዘን በማጣበቂያ አጥብቁት፣ አራተኛውን ግን አታጣብቁ። በሐምሌ ሣሩና አበባው እስከ ልጅ ደረት ያድጋል፤ ዝግ የሆነ ፍሬም ከላይ ከጫናችሁበት ግንዱን ይሰብረዋል። አንዱ ማዕዘን ከተከፈተ በግንዶቹ መካከል አሹልካችሁ መሬት ላይ ታስተኙታላችሁ። በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ክር አስረው 25 ትንንሽ ካሬ የሚያወጡ አሉ፤ ተክሉ አጭር ሲሆን በሰኔ ይሠራል፣ በሐምሌ ግን ክሩ ከግንዱ ጋር ይተበተባልና ይቅርባችሁ። ቧንቧው ላይ ብርቱካናማ ፕላስተር ጠቅልሉበት። ነጭ ቧንቧ ሣር ውስጥ ይጠፋል።

ፍሬሙን የት እናስቀምጥ? ትልቁ ስህተት የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ልጅ (አዋቂም ቢሆን) ቦታ ምረጥ ሲባል አበባ የበዛበትን ይመርጣል፣ ቁጥሩም ከእውነተኛው መስክ በላይ ይሆናል። መድኃኒቱ ዕጣ ነው። 10 ሜትር ሜትሮ ዘርጉ፤ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው ወረቀቶች ቆብ ውስጥ ጨምሩ። የመጀመሪያው ዕጣ በሜትሮው ላይ የትኛው ሜትር ላይ እንደሚቆሙ፣ ሁለተኛው ወደ ቀኝ ስንት እርምጃ እንደሚሄዱ ይነግራል። ፍሬሙ ባዶ መሬት ላይ ቢያርፍ ልጆቹ ያኮርፋሉ። ዜሮም ቁጥር ነው፤ ይጻፍ። እኔ ከአንድ ሳምንት ትምህርት አንድ ነገር ብቻ ያዝ ብባል የምይዘው ይህን ዜሮ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ምን እንደሚቆጠር መስማማት ያስፈልጋል። ሕጉን ወረቀት ላይ አስፍሩት። ሥሩ ፍሬሙ ውስጥ ከሆነ ይቆጠራል፤ ሥሩ ውጭ ሆኖ አበባው ወደ ውስጥ ቢዘነብል አይቆጠርም። ጠርዙ ላይ የበቀለ ከሆነ በላይና በግራ በኩል ያለው ይገባል፣ በታችና በቀኝ በኩል ያለው ይቀራል። የተከፈተ አበባ ማለት ውስጡ የሚታይ ማለት ነው፤ እንቡጥና የረገፈ ለየብቻ ይጻፋሉ። እንደ ሰንፍላወር ያለው አንድ አበባ የሚመስለው የአበባ ራስ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ስለሆነ ሙሉውን ራስ እንደ አንድ ቁጠሩት። ሉፒን በሚባለው፣ በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ አበባ በሚደረድረው የግብጦ ዘመድ ላይ ደግሞ አበባውን አንድ በአንድ ለመቁጠር አትሞክሩ፤ ዘንጉን ቁጠሩ። ይህ ሕግ በሰኞና በዓርብ መካከል ከተለወጠ የሳምንቱ ቁጥር ዋጋ የለውም።

አንዱን ፍሬም ሁለት ልጆች ሳይነጋገሩ ይቁጠሩት፣ ከዚያ ያስተያዩ። አንዱ 14፣ ሌላው 19 ይላል። ማን ተሳሳተ ብላችሁ አትጀምሩ። አብረው ደግመው ይቁጠሩና ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ይፈልጉ፤ ብዙ ጊዜ አንዱ እንቡጡን ጨምሯል ወይም ከሣሩ ሥር ያለውን ትንሽ አበባ አላየም። ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ላሉት 15 ደቂቃ መቁጠር ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ቁጥር መፍጠር ይጀምራሉ። ከስምንት ዓመት በላይ ያሉት አንድ ፍሬም በወጉ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈልጋሉ።

አቀራረብም አለው። ሁልጊዜ በአንድ በኩል ብቻ ይምጡ፣ በዚያው በኩል ተንበርክከው ይቁጠሩ። አራት ልጅ በአራቱም ጎን ከቆመ በሦስተኛው ቀን ዙሪያው ተረግጦ ይደርቃል፤ የምትለኩትም መስኩን መሆኑ ይቀርና የራሳችሁን እግር ይሆናል። ጎቲክ ላይ ደግሞ በየሜዳው ትንንሽ ባለ ቀለም ባንዲራ፣ ቁጥር የተጻፈበት ቆርቆሮ ወይም መረብ የለበሰ ተክል ታያላችሁ። የተመራማሪዎች ምልክት ነው። አንዱን የነቀለ ልጅ የብዙ ዓመት ልፋት ሊያበላሽ ይችላል፤ መጀመሪያ ቀን፣ ከመኪና ሳይወርዱ ንገሯቸው።

አንድ ሌላ ተክል ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሞኑመንት ፕላንት የሚባለው ለብዙ አሥርት ዓመታት መሬት ላይ የተዘረጋ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይኖራል፤ አንድ ቀን ሰው የሚያህል ዘንግ ያወጣል፣ አንድ ጊዜ ያብባል፣ ይሞታል። ስሜን ተራሮች ወይም ጓሳ ላይ ጅብራን ያየ ሰው ይህን ታሪክ ያውቀዋል፤ ጅብራም ሕይወቱን ሙሉ ቆይቶ አንድ ጊዜ አብቦ ነው የሚሞተው። ሁለቱ ተክሎች ዝምድና የላቸውም። ልጆቻችሁ የጅብራን ፎቶግራፍ ይዘው ቢሄዱና አጠገቡ ቆመው ቢያወዳድሩ እወዳለሁ።

ወንዝ ላይ የሚሠራው፣ ማለትም በድንጋይ ሥር የሚኖሩትን ትንንሽ ነፍሳት በመረብ መያዝ፣ ከአበባው ይቀላል፤ ችግሩ ጊዜው ነው። በሰኔ በጎቲክ አጠገብ የሚፈሰው ኢስት ሪቨር በቀለጠ በረዶ ይሞላል፣ ውሃውም አጥንት ይሰብራል፣ ልጅም ይወስዳል። በዚያ ወር ትንንሽ የጎን ጅረቶች ላይ ብቻ ሥሩ፤ እዚያም ውሃው ከልጁ ጉልበት በታች ይሁን። መረቡ ከታች በኩል ይቆማል፣ አፉ ወደ ላይኛው ውሃ ይዞራል፤ አንድ ልጅ ከመረቡ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ ድንጋዩን በእግሩ 30 ሰከንድ ያንቀሳቅሳል። መረቡ ባዶ ከወጣ ብዙውን ጊዜ ታችኛው ጠርዙ ከወለሉ ተነሥቶ ነፍሳቱ ሥር ሥሩን አልፈዋል። የያዛችሁትን ነጭ ሳህን ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር ውሃ ጨምራችሁ ገልብጡት። በሆዱ ጎንና ጎን ላባ የመሰለ መተንፈሻ ያለውና ብዙ ጊዜ ሦስት ጭራ ያለው ሜይፍላይ ነው። ሁለት ጭራ ኖሮት ሆዱ ጎን ላይ ያ ላባ ከሌለው ስቶንፍላይ ነው። ከጠጠርና ከእንጨት ስባሪ ቤት ሠርቶ ተሸክሞት የሚዞረው ካዲስፍላይ ነው፤ ልጆች አንዴ ካዩት ሌላውን ሁሉ ይተዋሉ። ከቤቱ ጎትታችሁ አታውጡት። ሳህኑ ጥላ ውስጥ ይሁን፣ ከ10 ደቂቃ በኋላም ወደ ወንዙ መልሱት፤ ውሃው ሲሞቅ ኦክስጅኑ ያንሳል፣ እነሱም ይሞታሉ።

ማርሞትን በርቀት መነጽር ብቻ እዩት። ዓመቱን ሰባት ስምንት ወር ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ ስለሚያሳልፍ በሰመር ሥራው መብላትና መወፈር ነው፤ ምግብ ብትወረውሩለት ሰው ይለምዳል፣ ጥናቱም ይበላሻል። ሲያፏጭ ልጆቹ ሰዓቱን ይጻፉና ምን እንደመጣ ዙሪያቸውን ይቃኙ፦ ውሻ፣ ንስር፣ ቀበሮ ወይስ እነሱ ራሳቸው።

ስለ ዕቃው ጥቂት ልበል። አጉሊ መነጽር አሥር እጥፍ የሚያጎላው ለትንሽ ልጅ ይከብደዋል፤ ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ያለው ይሻላል። መነጽሩን ዓይኑ አጠገብ አድርጎ አበባውን ወደ መነጽሩ ማምጣት እንዳለበት አሳዩት፤ ካልነገራችሁት እጁን ዘርግቶ ይይዘውና ምንም አይታየኝም ይላል። እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አትስጡ፤ ዝናብ ሲነካው ቀለሙ ይፈሳል፣ እርሳስ ግን ይቆያል። የነፍሳት መረብ ጤዛው ሳይደርቅ አይሠራም፤ ርጥብ መረብ ነፍሳቱን ያጣብቃቸዋል። የመረቡን ሥራ ከጠዋቱ አራት ሰዓት በፊት አትጀምሩ።

የቀኑን አደረጃጀት የሚወስነው መብረቅ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ከሰዓት በኋላ ደመና ይከማቻል፣ ልክ እንደ እኛ ክረምት ነጎድጓድና በረዶ ይወርዳል። መስክ ላይ የሚሠራው ከሦስት እስከ ስድስት ሰዓት ይሁን፤ ከምሳ በኋላ ቤት ውስጥ ሥዕልና ማይክሮስኮፕ። ብልጭታ ካያችሁ በኋላ ድምፁ እስኪመጣ ቁጠሩ፤ ሦስት ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ወዲያው ወደ ቤት ወይም ወደ መኪና፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ብቻውን የቆመ ረጅም ዛፍ ሥር መጠለል ክልክል ነው።

ከፍታውን በተመለከተ፣ የደጋ ሰው ዘር ነው ብላችሁ አትዘናጉ። ባሕር ጠለል አካባቢ ያደገ ልጅ፣ አያቱ ደብረ ታቦር ቢወለዱም፣ ሰውነቱ ቀን ይፈልጋል። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። ትልቅ ልጅ ራሴን አመመኝ ይላል፤ ትንሽ ልጅ ግን ሆዴን ይላል፣ ምግብ ይጠላል፣ ይነጫነጫል። የመጀመሪያውን ቀን አታሩጡት፣ ውሃ ቶሎ ቶሎ ስጡት። ካልተሻለው ወይም ማስመለስ ከጀመረ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይዛችሁት ውረዱ። በሰኔና በሐምሌ መጀመሪያ መዥገር አለ፤ ሱሪውን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ማታም ከፀጉር ሥር፣ ብብትና ከጉልበት ጀርባ ፈትሹ። ምንም ተክል አፍ ውስጥ አይገባም። ኮርን ሊሊ የሚባለው ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል ጎመን ቢመስልም መርዝ ነው።

ለመክሰስ ቆሎ የመሰለ የለም፤ አይቀልጥም፣ አይጨፈለቅም፣ ያጠግባል። ለውዝ ግን አትቀላቅሉበት፤ ከልጆቹ መካከል ለውዝ የማይስማማው ሊኖር ይችላል። ሣር ላይ የተተወ ቦርሳ የምድር ሽኮኮዎቹ ቀደው ይገቡበታል፤ ምግቡን ክዳን ባለው ጠንካራ ዕቃ ያዙ፣ ማታም መኪና ውስጥ ቆልፉበት። አካባቢው የድብ አገር ነው።

የመጨረሻው ዕቃ ደብተር ነው። ጎቲክ ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ዊንተሩን በበረዶ መካከል የሚኖሩ ቢሊ ባር የሚባሉ ሰው አሉ። ሳይንቲስት አልነበሩም፤ በየቀኑ ስንት በረዶ እንደወረደ፣ የትኛው እንስሳ መቼ እንደታየ ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። ያ ደብተር ዛሬ ተመራማሪዎች የሚጠቅሱት መረጃ ሆኗል። ስለዚህ የልጁ ገጽ ላይ ከሥዕሉ በፊት አምስት ነገር ይቅደም፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሰማዩ ሁኔታ፣ የቆጣሪው ስም።

ዓርብ ዕለት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ገጽ ይጻፍ። ፍሬሙ የት እንደነበር፣ ከየትኛው ድንጋይ ወይም አጥር ስንት እርምጃ እንደሆነ፣ በየት በኩል ተንበርክከው እንደቆጠሩ፣ ምን አበባ እንደተባለና ምን እንዳልተባለ። የስልክ ጂፒኤስ በብዙ ሜትር ሊስት ስለሚችል ብቻውን አይበቃም፤ ከኋላው ተራራው የሚታይበት ፎቶግራፍ አንሡና ፎቶው ወደ የት አቅጣጫ እንደተነሣ ጻፉ። ገጹን ሁለት ቅጂ አድርጉት። አንዱ ደብተሩ ውስጥ ይቅር፤ ሌላውን በፕላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ ፍሬሙ ላይ እሰሩት፣ በሚቀጥለው ሰመር ፍሬሙን የሚያነሣው ልጅ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ይሆናል።